በደቦ የተበየደችው ባለሦስት እግር

ውድ ደመላሽ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ነገሬ ልግባ፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ባሕር ዳር እንደገባ ሰምቻለሁ። አክስትህ ለእናቴ እንዳወራቻት ከሆነ የደረሰህ እንዲህ ነው፤ ሥራነሽ በጓሮዋ ባለሦስት እግር ሞተር ሠራች፣ ሰፈሩን ሰብስባ እልል አስባለች፣ ከዚያ ወደ ፊት እሄዳለሁ ስትል ወደ ኋላ ተስፈንጥራ የጎረቤት ጭድ ውስጥ ተቀበረች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ብለህ ስቀህ ይሆናል። ሳቅ፣ እውነት ነው። እንዲያውም ከጭዱ ስወጣ በአፌ የያዝኩትን ገለባ ሳይነግሩህ ቀርተዋል።

ግን ወሬ ደስ ያለው ቦታ ላይ ቁጭ ይላል እንጂ እስከ መጨረሻው አይሄድም። የቀረውን ከእኔ ከባለጉዳይዋ ስማ። መጨረሻው ላይ ደግሞ አንተን የሚመለከት አንድ ነገር አለ፤ እሱን ብቻ ነጥዬ ብጽፍልህ ኖሮ ፈርተህ አትከፍተውም ነበር።

ስለ እግሬ ላንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ ጋቢ ተከናንበህ የሰነበትክ አንተ ነህ። ያም ሆኖ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፤ ከጉልበቴ በታች የተቆረጠው የግራ እግሬ ነው፣ የሞተር ሳይክል ማርሽ የሚቀየረውም በግራ እግር ነው። ሰው ሁሉ "እግሯን አጣች" ሲል እኔ በልቤ "ማርሼን አጣሁ" እል ነበር። ያን የነሐሴ ቀን ከስናን ወረዳ ስመለስ እርጥብ ኩርባ ላይ የጣለችኝ የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ጥግ ቆማ ስትዝግ፣ እኔም ደብረ ማርቆስ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ተሰጥቶኝ ከእሷ እኩል መዛግ ጀመርኩ።

መሥሪያ ቤቱን አላማውም። ደመወዜን አልነኩብኝም፣ ወንበሬም ለስላሳ ነበር። ገበሬዎቹ ግን ስልኬን አልረሱትም። "ሥራነሽ፣ የበሬዬ ሆድ ተነፋ"፣ "ሥራነሽ፣ ጊደሯ መብላት እንቢ አለች" እያሉ ይደውላሉ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ "እስቲ ስልኩን ወደ አፍንጫው አስጠጋልኝ" እላለሁ፤ አተነፋፈሱን አዳምጣለሁ። የከብት ሐኪም ማለት እጁ ነው፤ እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮ ብቻ ሆኜ ኖርኩ። አንዳንዱን በስልክ አድነዋለሁ። አንዳንዱ ደግሞ እየሰማሁት ይሞታል፤ ባለቤቱም ምንም ሳይለኝ ስልኩን ይዘጋዋል። ይህን ላንተ ነግሬህ አላውቅም።

ባለፈው ግንቦት ኃላፊያችን ወይዘሮ ምሥራቅ ቢሮአቸው ጠሩኝ። የስናኑ ቦታ፣ ማለትም የእኔ የነበረው፣ ሰው ካጣ ቆይቷል፤ ሐምሌ ላይ አዲሱ በጀት ሲገባ በቋሚ ባለሙያ መሞላት አለበት።

"ቦታው ያንቺ እንደነበር አልጠፋኝም" አሉኝ። "ግን ገበሬው ደጅ የሚደርስ ሰው ነው የምፈልገው። በራስሽ ወረዳው ከተማ ሮብ ገበያ ደርሰሽ፣ ከዚያም ቀበሌ ወርደሽ ስትመለሺ በዓይኔ ካየሁ እንደገና ያንቺ ነው። ካላየሁ ማስታወቂያ አወጣለሁ። የማይሆን ተስፋ ልሰጥሽ አልፈልግም።"

"ቀን ይቁረጡልኝ" አልኳቸው።

"ሰኔ አሥር። ሮብ ነው፣ የገበያው ቀን። እዚያው እጠብቅሻለሁ።"

እሺ ብዬ ወጣሁ። የምሄድባት ሞተር በዚያን ሰዓት በጓሮዬ ብትንትኗ ወጥቶ እንደተኛች አልነገርኳቸውም።

አባቴ በሕይወት ሳለ እንጨት ይጠርብባት የነበረችውን የቆርቆሮ ቤት ታውቃታለህ። እሷን ጠርጌ ከጥር ጀምሮ ጋራዥ አድርጌያት ነበር። ጎረቤታችን ሙሐመድሳኒ፣ መለዋወጫ የሚሸጠውና የሚበይደው፣ ጉንደ ወይን አጠገብ ገደል የገባች የጭነት ባለሦስት እግር አግኝቶ ሞተሯንና የኋላ ዘንጓን አመጣልኝ። የፊቱን ጎማና መሪውን ከዚያችው ከጣለችኝ ሞተር ወሰድኩ፤ መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲሸጣት ከእኔ ሌላ የፈለጋት አልነበረም። ሁለቱን የሚያገናኘውን መሐሉን፣ አጥንቷን፣ ራሴ መበየድ ነበረብኝ።

"ተሠርታ ያለቀችውን የጭነት ሞተር ለምን አትገዢም?" አለኝ ሙሐመድሳኒ።

"ማርሿ በግራ እግር ነው። ደግሞ ሰፊ ናት። የገበሬው መንገድ የተሠራው ለአህያ ነው።"

"እና የኛዋን ስፋት ስንት እናድርጋት?"

ገበያ ወርጄ ሁለት ኬሻ ድንች የተጫነች አህያ ለካሁ። ባለቤቱ ልገዛት መስሎት አፏን ፈልቅቆ ጥርሷን አሳየኝ፤ ሜትሬን አጥፌ አመስግኜው ስሄድ ከኋላዬ ዋጋ እየቀነሰ ተከተለኝ። የኋላ ዘንጉን በዚያች አህያ ልክ አሳጠርነው። ማርሹን ከእግር ነቅለን በቀኝ እጅ የሚሳብ ረጅም ብረት ቀጠልንለት። ፍሬኑ በቀኝ እግሬ እንደነበረ ቀረ።

ብየዳውን ሙሐመድሳኒ አስተማረኝ። መጀመሪያ የበየድኩት ሁሉ የወፍ ኩስ ይመስላል አለኝ፤ ይመስልም ነበር። አንድ ቀን ጭንብሉን ቸል ብዬ ዓይኔ ሲያብጥ ሚስቱ ኡሙልኸይር ጥሬ ድንች ቆርጣ ዓይኔ ላይ ደረደረችና "አንቺ ልጅ፣ የበየድሽው ብረቱን ነው ዓይንሽን?" አለችኝ። እናቴ ብየዳ ስጀምር የቤቱ አምፖል ድርግም ብልጭ ይልባታል፤ አንድ ቀን እንኳን ተይ አላለችኝም፣ ቴሌቪዥኗን አጥፍታ እስክጨርስ ትጠብቀኛለች። ደስ የሚል ጊዜ ነበር። እጄ እንደገና እጅ ሆኖ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ግን ነገር ተበላሸ። ዝናቡ ጀመረ፣ መብራቱ በየቀኑ ይጠፋል፣ ሙሐመድሳኒም ሥራ በዝቶበት የሚመጣው ሲመሽ ነው። የተቆረጠልኝ ቀን እየቀረበ ሞተሯ ፊቷ ለብቻ፣ ኋላዋ ለብቻ ተኝታለች። በዚህ መሐል አጎቴ አበባው ማዳበሪያ ሊወስድ ከስናን ወረደ። ጓሮ ገብቶ ዱላውን ተደግፎ ብረቶቹን እየዞረ አያቸው።

"ይችማ የአንድ ቀን ደቦ ናት" አለ።

"አጎቴ፣ ደቦ እኮ ለአጨዳ ነው።"

"ቤት ስንሠራበት አልኖርንም? ብረት ከቤት በምን ይበልጣል?"

"በሰኔ ማን ከእርሻው ይነሣል?"

"ዓርብ አቦ ነው። በኛ ደብር በአቦ ሞፈር አይነካም። ጎረምሳው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ሊውል ነው፤ ይዤው እመጣለሁ።"

እናቴ ከበሩ ላይ ሆና "በበዓል ደግሞ ብረት ልትቀጠቅጡ" አለች።

"የተገዘተው ሞፈር ነው። ብየዳን ማን አንሥቶት ያውቃል?" አላት። ቄስ አልጠየቅንም፤ ቢጠየቁ የሚሉትን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ዓርብ ጠዋት ሰዎቹ በጭነት መኪና ላይ ተጭነው እየዘፈኑ መጡ። የሰፈሩ ወጣቶችም ተጨመሩ፤ ሙሐመድሳኒ ጄኔሬተር ተውሶ አመጣ። የሐዋርያት ጾም ስለነበር የሥጋ ጣጣ አልነበረብንም፤ እናቴና ኡሙልኸይር በአንድ ጉልቻ ሽሮና ድንች ሠሩ፣ ለክርስቲያኑ ጠላ፣ ለእነ ሙሐመድሳኒ ብርዝ ተዘጋጀ። አጎቴ ሰዉን ቀኝና ግራ ብሎ ከፈለው፤ ቀኙ የኋላውን፣ ግራው የፊቱን ሊሠራ። ደቦ አይተሃል፤ እዚያ ውስጥ የገባ ሰው ሥራው ማለቁ አይደለም የሚያስጨንቀው፣ ባልንጀራው እንዳይቀድመው ነው። አንደኛው ያወጣል፣ የቀረው ይቀበላል፦

በሬዬ ዛሬ እረፍ፣ አቦ ነው በዓሉ፣
ብረት ጠምደን ዋልን፣ ሣር አይበላም አሉ።

እኔ በመሐላቸው ጭንብሌን ደፍቼ አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ እበይዳለሁ። ሰው ሠራሽ እግሬ ብረቱን እየረገጠ ይንኳኳል፤ ማንም ዞሮ አላየውም፣ ጊዜ የለማ። እንዲያ ያለ ቀን ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ አልነበረኝም።

እኩለ ቀን ላይ ሙሐመድሳኒ እጁን ታጥቦ ለጁምዓ ሄደ። "ስመለስ የኋላ ዘንጉን እንሰቅላለን" ብሎን ነበር። ደቦ ግን ቆሞ መጠበቅ አያውቅም። የፊተኞቹ ሥራቸውን ሊጨርሱ ሲቃረቡ የኋለኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው መታየቱን ውርደት አደረጉት፤ ዘንጉን ሆ ብለው አነሡት። መሐሉ ላይ ጎማዎቹን የሚያዞሩት ጥርሶች ያሉበት ክብ የብረት ሆድ አለ፤ ዲፈረንሻል የሚሉት። ከሆዱ ሥር የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ጎልቶ ወጥቷል። አጎቴ ጎንበስ ብሎ አየው።

"ይሄ ብረት የኛን ድንጋይ አያውቀውም" አለ። "በመጀመሪያው ቀን ነው የሚሸረፍ። ገልብጡት፣ ሆዱ ወደ ላይ ይሁን።"

ገለበጡት። ብልሃት ነው ብለውም አጨበጨቡለት። እኔም "እዚህ ጋ በይጂ" ሲሉኝ በየድኩ፤ ከጭንብል ውስጥ የሚታየው የእሳቱ ጫፍ ብቻ ነው፣ ሆዱ ይሁን ጀርባው አይለይም። ሙሐመድሳኒ ከመስጊድ ሲመለስ የመቀመጫው ላሜራ ከላዩ ተጭኖበት፣ ዘፈኑ ደርቶ፣ ጎማው ሁሉ ገብቶ አገኘው። ገርሞት ራሱን ነቀነቀና ጠርዝ ጠርዙን ያስተካክል ጀመር።

ጀምበር ሳትጠልቅ አለቀች። ገፍተን መንገድ ላይ አወጣናት፣ ሰፈሩ ደጁ ላይ ቆመ፣ እናቴ እልል አለች። ወጥቼ ተቀመጥኩ። ሞተሩ በመጀመሪያው ንክኪ ተነሣ። ደመላሽ፣ ያንን ድምፅ እንዴት ብዬ ልንገርህ? ከመቀመጫው በጀርባዬ ወጥቶ እስከ ጥርሴ ደረሰ። ፍሪሲዮኑን በግራ እጄ ይዤ ማርሹን በቀኝ እጄ ወደ አንድ ሳብኩ፣ ሰዉን ሁሉ እንደ ንግሥት አየሁና ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ።

የቀረውን ታውቀዋለህ። ጭዱ ባይኖር ኖሮ የጎረቤቶቻችንን ግድግዳ ይዤው እገባ ነበር። ሙሐመድሳኒ ከሞተሯ ሥር ተኝቶ አየና ሆዱን ይዞ እየሳቀ ወጣ።

"ወላሂ ገልብጣችሁታል፤ ሆዱ ሲገለበጥ ጎማውም በተቃራኒው ነው የሚዞረው። አሁን እኮ ወደ ፊት ያላት አንድ ማርሽ ነው፤ ወደ ኋላ አራት።"

"ታዲያ ምን ችግር አለው" አለ አጎቴ አበባው፣ ምንም ሳይስቅ። "እሷ ዞራ ትቀመጥ።"

እኔም ሳቅሁ፤ ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሰዉ ሲበታተን ግን ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ያፈሰስኩትን ለመልቀም የቀረኝ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ማስታወቂያው ከወጣ ደግሞ ያቺ ለስላሳ ወንበር እስከ ጡረታዬ ድረስ የእኔ ናት። ፈራሁ። አልዋሽህም፣ በጣም ፈራሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ጓሮ ስወጣ አጎቴ አበባው ጋቢውን አጣፍቶ ከሞተሯ አጠገብ ተቀምጧል። ሌሎቹን ወደ እርሻቸው ሰድዶ እሱ ቀርቷል።

"አጎቴ፣ ዝናቡ መጥቷል። እርሻህስ?"

"ደቦ የገለበጠውን ደቦ ሳያቃና አይሄድም" አለኝ። "ነውር ነው። እኔ ነኝ ገልብጡ ያልኩ፣ እኔ እይዝልሻለሁ፣ ቁረጪ።"

የገዛ ብየዳዬን ስቆርጥ ዋልኩ። እንዲህ ጠንካራ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ መቁረጫው እየጋለ ሁለት ጊዜ እረፍት አስወሰደን። ሙሐመድሳኒ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ የተቆረጠውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰውና "ይሄን የበየደ ሰው ከእኔ ጋር መወዳደር ጀምሯል" አለ። ዘንጉን ወደ ልኩ መለስነው። ስለ ድንጋዩ ግን አጎቴ ትክክል ነበር፤ ብሎኑን የሚሸፍን ወፍራም ላሜራ ከሆዱ ሥር በየድንለት። ሙሐመድሳኒ ራሱ ይህን እንዳላሰበው ተናገረ። ሰኞ ጠዋት መንገድ ላይ ስንሞክራት ወደ ፊት ሄደች፤ አጎቴም ምርቃቱን ሰጥቶኝ ወደ እርሻው ተመለሰ። ቢሮ ስገባ ወይዘሮ ምሥራቅ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

"ወደ ኋላ ነው የምትሄደው አሉ?"

"ዓርብ ዕለት ነበር" አልኳቸው። "ሮብ ወደ ፊት ነው።"

ሮብ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። ከከተማው እንደወጣሁ ጉሙ ዋጠኝ። መንገዱ በገበያተኛ ተሞልቷል፤ ድንች፣ ገብስ፣ በግ፣ ዶሮ፣ የሰው ትንፋሽ። ባለ አህዮቹ መንገድ አልለቅም ይላሉ፤ ጎን ለጎን ስንሆን ግን ስፋታችን አንድ ስለሆነ ማንም ማንንም አልነካም። አንድ ሚኒባስ ሲያልፈኝ ረዳቱ በመስኮት ወገቡ ድረስ ወጥቶ "እትዬ፣ ዛሬስ ወደ ፊት ነው?" አለኝ። ጥሩንባዬን ነፋሁለት።

ዳገቱ ሲጀምር ነገሩ ከበደ። ማርሽ ለመቀየር ቀኝ እጄ ነዳጁን መልቀቅ አለበት፤ በለቀቅሁ ቁጥር ሞተሯ ትደክማለች፣ ትንሽ ብዘገይ ቁልቁል ልትመለስብኝ ትችላለች። ዳገቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሼ መጠበቅን ተማርኩ። ከዚያ ኩርባው መጣ። የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ። በዚያ መንገድ ከአንተ ጋር በመኪና ባለፍን ቁጥር እጄን ይዘህ ወሬ ትጀምርልኝ ነበር፣ እንዳላይ ብለህ። አሁን አየሁት። ጠባብ ነው፣ ከዳር ቅጠል በቅሎበታል፣ አንዲት በግ ትግጣለች። ሌላ ምንም የለበትም። በሁለተኛ ማርሽ ጥግ ጥጉን ይዤ ዞርኩት፣ ሦስቱም ጎማ መሬት ላይ ነበር፤ ከዞርኩት በኋላ ብቻዬን "አለፍኩሽ" ብዬ ጮኽኩ። አንዲት አሮጊት እሳቸውን መስሏቸው "እለፊ ልጄ፣ እለፊ" አሉኝ።

ሮብ ገበያ ስገባ ወይዘሮ ምሥራቅ ጃንጥላ ይዘው ከወረዳው ቢሮ አጥር ሥር ቆመዋል። ሞተሯን ሁለት ጊዜ ዞሯትና "እሺ፣ ውረጂና ሻይ እንጠጣ፤ ከዚያ ቀበሌ እንወርዳለን" አሉኝ። ልወርድ ስል ስልኬ ጮኸ። አስማማው ነው፤ ከገበያው በታች ያለ ገበሬ፣ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከማንም አብልጦ የደወለልኝ። ላሚቱ ከሌሊት ጀምሮ እያማጠች ጥጃው አልወጣ ብሏል።

እንደ ልማዴ "ስልኩን አስጠጋልኝ" ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የት እንደተቀመጥኩ ትዝ አለኝ።

"መጣሁ" አልኩት። ወይዘሮ ምሥራቅን ደግሞ "ሻዩ ይቆየን። ከፈለጉ ከኋላዬ ይውጡ" አልኳቸው። አንድ ጊዜ ጭቃውን፣ አንድ ጊዜ ጫማቸውን አዩና ወጡ። በአህያ መንገድ ስንወርድ ወገቤን ጥርቅም አድርገው ይዘውኝ ነበር፤ ኃላፊዬ እንደሆኑ የረሱት ይመስለኛል።

አስማማው ከበረቱ በር ላይ ቆሟል። ሰላምታ የለ፣ እንኳን መጣሽ የለ፣ ሞተሯንም ቀና ብሎ አላያትም።

"አሁን ነው የሚመጣ?" አለ። "ከብት ሌሊቱን ሙሉ ስትማቅቅ አንች ገና ፀሐይ ወጥቶልሽ ነው? እንዴት ያለሽ ሰው ነሽ?"

ሚስቱ ከውስጥ ብቅ ብላ "ኧረ ተው አንተ ሰው፣ እግሯ እኮ…" አለችው።

"የሷ እግር ለላሚቱ ምኗ ነው? እኛ የምንፈልግ እጇን ነው። ግቢ አንች፣ ምን ትገተሪያለሽ?"

ገባሁ። ጓንት መያዝ ረስቼ ነበር፤ ክንዴን በሳሙናና በዘይት አሽቼ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩና እጄን አስገባሁ። የጥጃው አንድ የፊት እግር ወደ ኋላ ታጥፏል፤ ሌላው መንገድ ይዟል። ምጡ ጋብ ሲል ጥጃውን ወደ ውስጥ ገፋ አደረግሁት፣ ሰኮናውን በመዳፌ ሸፍኜ ማሕፀኗን እንዳይቀድባት ቀስ እያልኩ ወደ ፊት አመጣሁት። ክንዴ ደነዘዘ። ሰኮናው ቀና ሲልልኝ እስከ ትከሻዬ ተሰማኝ። ገመድ አሰርንና ላሚቱ ስታምጥ አስማማውና ወይዘሮ ምሥራቅ ከእኔ ጋር ሳቡ፤ ወይዘሮ ምሥራቅ፣ በዚያ ጫማቸው። ጥጃው በአንድ ጊዜ ከእነ ውኃው እላያችን ላይ ወደቀ። አፍንጫውን ጠረግሁለት፣ በገለባ ነካካሁት፣ አስነጠሰ። ላሚቱ ዞራ ትልሰው ጀመር።

አስማማው ያኔም አላመሰገነኝም። ውኃ እያፈሰሰልኝ "ጊደሯንም ታይልኛለሽ፣ ቆዳዋ ላይ የሆነ ነገር ወጥቶባታል" አለኝ። ወይዘሮ ምሥራቅ ክንዴን አዩና "ጓንት የማትይዝ ባለሙያ" አሉ በቁጣ። "ሐምሌ አንድ እዚህ ስትገቢ ሳጥንሽን እፈትሻለሁ፤ አንድ ነገር ቢጎድል ወዮልሽ።" ጊደሯን ሳክም ዓይኔ እንባ ሞልቶ ምኑም አይታየኝም ነበር። የበረቱ ጭስ ነው አልኳቸው።

አሁን ያልኩህ ቦታ ደርሰናል፣ ደመላሽ። እዚያ በረት ውስጥ ሲቆጡኝ ያስታወስኩት አንተን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ተቆጥቶኝ አያውቅም ነበር። እናቴም፣ ቢሮውም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንተ። ድሮ እኔና አንተ ጠዋት ተጣልተን ማታ የምንታረቅ ሰዎች ነበርን፤ ስለ አነዳዴ፣ ስለ ማርፈዴ፣ ስለማትመልስልኝ መጽሐፍ። ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ያልኩት ሁሉ እሺ ሆነ። አንድ ቀን ሆን ብዬ ብርጭቆ ግድግዳ ላይ ወርውሬ ሰበርኩ። አንተ መጥረጊያ አመጣህ፣ ስብርባሪውን ጠረግህና "ደክሞሽ ነው" አልከኝ። የተለያየነው ያን ቀን ነው፤ ቀለበቱን የመለስኩልህ በኋላ ነው። ለምን ብለህ ስትጠይቀኝ መልስ ያልሰጠሁህ ተደብቄህ አይደለም፣ መልሱን ራሴም አላውቀውም ነበር። ሕፃን ወይም ሕመምተኛ ካልሆነ በቀር የማይቆጡት ሰው የለም። ደግነትህን አውቃለሁ፣ ከልቤም አመሰግንሃለሁ፣ ግን በደግነትህ ውስጥ እኔ አልነበርኩም።

ተመለስ እያልኩህ አይደለም። እዚህ ሥራ በዝቶብኛል፤ ይህን ራሱ የምጽፍልህ የሰው በር ላይ ሞተሯ እስክትበርድ እየጠበቅሁ ነው። ይልቅ እስከዚህ ስታነብ የሆነ ቦታ ላይ ተናድደህ ይሆናል፤ "ያን ሁሉ ሌሊት በር ላይ ያደርኩት ለዚህ ነው?" ብለህ ይሆናል። ከሆነ አትዋጠው። ቁጭ በልና ሙልጭ አድርገህ ስደበኝ። እኔም መልስ አላጣልህም፤ የተቆረጠው እግሬ ነው እንጂ ምላሴ አይደለም።

ሥራነሽ
የስናን ወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ
ሮብ ገበያ፣ ሐምሌ